ፊት አይቶ ጠባይ ማወቅ፦ ከባቢሎን ሸክላ እስከ ካሸር ቅጥር

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ መሸጫ አለኝ። አንድ ካሸርና ሁለት የሽያጭ ሠራተኛ ልቀጥር ነው። የባለቤቴ ወንድም ደሴ ላይ ‹የፊት ንባብ› ሥልጠና ወስዶ መጥቷል። አመልካቾቹ በቴሌግራም ከላኩት ፎቶ ተነስቶ ‹ይቺ ከንፈሯ ስስ ነው፣ ትደብቃለች፤ ይኼኛው ቅንድቡ ገጥሟል፣ አይሆንም› እያለ አራቱን ጣለብኝ። ከአርስቶትል ጀምሮ የነበረ ሳይንስ ነው ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ፊራሳ (በእስልምና ሰውን አይቶ ውስጡን የማስተዋል ነገር) ሐቅ ነው ትለኛለች። ታሪኩ በእርግጥ ከየት ነው? ልመነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አራቱን አመልካቾች መልሰው ይጥሯቸው። የባለቤትዎ ወንድም ስለ ዕድሜው አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ጥበቡ እሱ ካለው በላይ ያረጀ ነው። ስሕተቱ ያረጀ ነገር ሁሉ የተፈተነ መስሎት ነው። ይህ ጥበብ በሦስት ሺህ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ተጽፏል፣ ተተርጉሟል፣ ተሽጧል። በወጉ የተፈተነው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ወድቋል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ያለው የአዋጅ ቁጥር ብቻ በእኛ ነው።)

ከአርስቶትል ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ኤሳጊል ኪን አፕሊ የተባለ የባቢሎን ሊቅ ተበታትነው የነበሩ የአካል ምልክቶችን ሰብስቦ «አላምዲሙ» በሚባል ተከታታይ የሸክላ ጽሑፍ አደራጅቷል። አጻጻፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ የሰውየው ፀጉር ወይም ግንባር እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ይገጥመዋል። ከራስ ጀምሮ ወደ እግር ይወርዳል። የሚፈለገውም በአብዛኛው ዕጣ ፈንታ ነው፤ ይበለጽጋል ወይስ ይደኸያል፣ ዕድሜው ይረዝማል ወይስ ያጥራል። እኛ «በግንባሩ የተጻፈ» የምንለው ዓይነት ነገር ማለት ነው። ከራስ እስከ እግር መውረዱ መልክዐ ማርያምን ወይም መልክዐ ኢየሱስን ያስታውስ ይሆናል፤ የግዕዙ መልክእ ግን እያንዳንዱን አካል ሰላም እያለ ያወድሳል እንጂ ከአፍንጫ ጠባይ አያወጣም።

አሁን ወደ አርስቶትል። በስሙ የሚጠራው የገጽ ንባብ መጽሐፍ የተጻፈው እሱ ከሞተ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ፣ በእሱ ትምህርት ቤት ሰዎች እጅ እንደሆነ ዛሬ ሊቃውንቱ ይስማማሉ። ራሱ አርስቶትል በሎጂክ ሥራው መጨረሻ ላይ ጉዳዩን አንስቶታል፤ ያነሣው ግን «ከሆነ» እያለ ነው። ነፍስና ሥጋ አብረው የሚለወጡ ከሆነ፣ ለአንድ ጠባይም አንድ ምልክት ብቻ ካለው፣ ያን ጊዜ ይቻላል ይላል። ወዲያው ችግሩንም ራሱ ያወጣዋል። አንበሳ እጅና እግሩ ትልልቅ ነው፣ ደፋርም ነው። ለጋስም ነው ቢባልስ? ትልቁ እግር የድፍረቱ ምልክት ነው ወይስ የልግስናው? ይህን ለመለየት ደፋር ሆኖ ለጋስ ያልሆነ ሌላ ፍጥረት ፈልጎ እግሩን ማየት ያስፈልጋል። ከእሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ምልክቶቹን ወስደው ፍተሻውን ዘለሉት፤ የሚቀጥለው ሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በስሙ የተጻፈው መጽሐፍ በሦስት መንገድ ይሄዳል፦ ሰውን ከእንስሳ ጋር ማመሳሰል፣ ሰውን ከሕዝብ ጋር ማመሳሰል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ፊቱ የሚይዘውን መልክ በተፈጥሮው እንደዚያ ከሚመስል ሰው ጋር ማያያዝ። በመጀመሪያው መንገድ ፀጉረ ለስላሳ ሰው ፈሪ ነው፣ አጋዘንና ጥንቸል ለስላሶች ናቸውና፤ ፀጉረ ሻካራ ደፋር ነው፣ አንበሳና ከርከሮ ሻካሮች ናቸውና። በሁለተኛው መንገድ እኛም አለንበት። በጣም የጠቆረ ሰው ፈሪ ነው፣ ግብፃውያንንና ኢትዮጵያውያንን እዩ ይላል። በጣም የነጣም ፈሪ ነው፣ ሴቶችን እዩ ብሎ ይቀጥላል። በዚህ ሚዛን ከሐረጎ ዳገት ወዲህም ወዲያም የሚቀጠር ካሸር አይገኝም። የባለቤትዎ ወንድም አርስቶትልን ሲጠራ ይህን ገጽ አንብቦት እንደሆነ ይጠይቁት።

ከግሪኮቹ ሁሉ ገናና የሆነው በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከድኅረ ልደት የነበረው የሎዶቅያው ፖሌሞን ነው። ንግግር አዋቂ፣ ሀብታም፣ የነገሥታት ወዳጅ ነበር። መጽሐፉ ለዓይን ከሁሉ የበለጠ ቦታ ይሰጣል። በውስጡ ከተሣሉት ሰዎች አንዱ ስሙ ያልተጠራ ከጋሊያ (ከዛሬዋ ፈረንሳይ) የመጣ ሰው ነው፤ ፊቱም ጠባዩም አንድ ሳይቀር ተንቋሿል። ይህ ሰው የፖሌሞን የንግግር መድረክ ባላንጣ የነበረው ፋቮሪኖስ ነው። በመጀመሪያ ጠላቱን ጠላ፣ ቀጥሎ የጠላቱን ፊት የክፋት መለያ አድርጎ ጻፈ፤ የተከተሉት ሰዎች ደግሞ ያንን እንደ ደንብ ተማሩት። ዛሬም ሲከራከሩ የምሰማቸው «ገጽ አንባቢዎች» ምልክታቸውን በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚያገኙት፤ አንድ ሰው ከበደላቸው በኋላ አገጩ ትዝ ይላቸዋል።

የፖሌሞን የግሪክኛ መጽሐፍ ጠፍቶ እስከ ዛሬ የቆየው በዐረብኛ ትርጉሙ ነው። በዚህ መንገድ ነገሩ ወደ ጎረቤትዎ ጥያቄ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር እንዳይደባለቅ። «የሙእሚንን (የአማኝን) ፊራሳ ተጠንቀቁ፣ በአላህ ብርሃን ያያልና» የሚለውን ሐዲስ የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ዘግበውታል፤ በሰነዱ ጥንካሬ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ተነጋግረዋል። የእስልምና ሊቁ ኢብኑል ቀይም ፊራሳን በሦስት ይከፍሉታል፦ ከኢማን (ከእምነት) የሚመጣ፣ በራስ ልምምድና በብሕትውና የሚገኝ፣ ከአካል አፈጣጠር የሚነበብ። ይህ ሦስተኛው ሐኪሞችና ሌሎችም የጻፉበት ነው፣ የእምነት ደረጃን አያሳይም። በ1210 ገደማ ያረፉት ፋኽሩዲን አር-ራዚ መጽሐፍ የጻፉበትም ይኸው ነው። እንግዲህ በስልክ ፎቶ ላይ ከንፈር የሚለካ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ክብር ተውሶ ሦስተኛውን እየሠራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ከጠየቁም «ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» የሚለውን 1ኛ ሳሙኤል 16፥7 ይጠቅስልዎታል። በነገራችን ላይ እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ አምስት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ ዳዊት ዓይኑ የተዋበ መልኩም ያማረ እንደነበር ተጽፏል፤ ጸሐፊውም ቢሆን ሳያየው አላለፈም።

ያ ሦስተኛው ዓይነት ገበያ ነበረው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ሐኪም ኢብን ቡጥላን ባሪያ ለሚገዙ ሰዎች መመሪያ ጽፏል። የእያንዳንዱን ሕዝብ አካልና ጠባይ ይዘረዝራል። ሐበሾች ሰውነታቸው ደካማ ነው፣ ከአገራቸው ውጭ አይስማማቸውም፣ ጠባያቸው ግን ጠንካራና የሚታመን ነው ይላል። ምስጋና ይመስላል፤ ለገዢ የቀረበ የዕቃ መግለጫ ነው። «ወሎዬ ገራገር ነው» እያለ ሠራተኛ የሚመርጥ ቀጣሪም ያው በዚያ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ሐሳቡ ደግ ቢሆንም።

አውሮፓም ይህን ጥበብ ከዐረብኛና ከግሪክኛ በላቲን ተቀበለች። ናፖሊታዊው ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ በ1586 የሰውን ፊት ከበሬ፣ ከአንበሳና ከወፍ ፊት ጎን ለጎን እያሣለ አሳተመ። እንግሊዞች በ1597 ባወጡት የተንከራታቾች ሕግ ፊት ወይም መዳፍ አነባለሁ የሚለውን ከሚቀጡት ሰው መደቡት። ሕጉ ግን ጥበቡን አላጠፋውም፣ ከመንገድ ወደ ሳሎን አስገባው እንጂ።

ሳሎን ያስገባው ሰው የዙሪኩ ቄስ ዮሐን ካስፓር ላቫተር ነው። ከ1775 እስከ 1778 አራት ትልልቅ ጥራዞች አወጣ፤ ወጣቱ ጀርመናዊ ባለቅኔ ጎተም አግዞታል። ላቫተር ለጥላ ሥዕል ልዩ ወንበር አሠርቶ ነበር፦ ሰውየው በጎኑ ይቀመጣል፣ ሻማ በአንድ ወገን ይበራል፣ በሌላው ወገን በተዘረጋ ወረቀት ላይ የሚወርደው ጥላ በእርሳስ ይነሣል። ቀጥሎ የግንባሩና የአፍንጫው መስመር ይመረመራል። ትክክለኛ ይመስላል፣ መስመሩም ትክክለኛ ነው። ከመስመሩ ወደ ጠባይ የሚያሻግረው ድልድይ ግን የላቫተር ስሜት ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹ የሚያደንቃቸው ፊቶችም ማንነታቸውን አስቀድሞ የሚያውቃቸው ሰዎች ፊት ነበሩ።

መልሱን የሰጠው የጎቲንገኑ የፊዚክስ መምህር ሊሽተንበርግ ነው፣ በ1778። እሱ ራሱ ጀርባው የጎበጠ ነበርና በአካል መፈረድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ልዩነት አወጣ፦ የሚንቀሳቀስ ፊት ስለ አሁኑ ስሜት ይናገራል፣ ይህን ሕፃንም ያነበዋል፤ የረጋ አጥንትና ሥጋ ግን የዘርን፣ የምግብን፣ የበሽታን፣ የአየሩንና የአደጋውን ታሪክ ደባልቆ ይዟል፣ ማን ይለየዋል? የላቫተር ምኞት ከተሳካ ደግሞ ልጆች ለስቅላት የሚያበቃ ሥራ ሳይሠሩ ይሰቀላሉ ብሎ አስጠነቀቀ። የእርስዎ አራት አመልካቾች የደረሰባቸው የዚህ ቀላል መልክ ነው፤ የገንዘብ ሣጥኑን ሳይነኩ ሰርቀዋል ተባሉ።

ላቫተር በሞተ በሠላሳ ዓመቱ፣ በ1831፣ ቢግል የተባለችው መርከብ ካፒቴን የነበረው ፊትዝሮይ የተፈጥሮ ተመራማሪውን ቻርልስ ዳርዊንን ከጉዞው ሊመልሰው ትንሽ ቀርቶት ነበር። የላቫተር ተከታይ ነበርና እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው ለረጅም ጉዞ የሚበቃ ጉልበትና ቁርጠኝነት አይኖረውም ብሎ ሠጋ። ዳርዊን ኋላ በግለ ታሪኩ ሲጽፍ አፍንጫዬ የሐሰት ምስክርነት ሰጥታ እንደነበር ካፒቴኑ የተረዳ ይመስለኛል ብሏል።

ስለ ራስ ቅል እብጠት ንባብ (ፍሬኖሎጂ) ብዙ አልልም። የቪየናው ሐኪም ጋል አእምሮን በ27 ክፍል ከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ሲያድግ አጥንቱን ወደ ውጭ ይገፋል አለ። የራስ ቅል የውስጥና የውጭ ገጽ አይመሳሰሉም፣ ከቅንድብ በላይ ደግሞ አጥንቱ ውስጥ አየር ያለበት ክፍተት አለ፤ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ቅንድብ ስለ ገጠመ ሰው የባለቤትዎ ወንድም የተናገረው የሚያስታውሰኝ ቼዛሬ ሎምብሮዞን ነው። የቱሪኑ ሐኪም በ1876 ወንጀለኛ ተወልዶ እንጂ ተሠርቶ አይመጣም የሚል መጽሐፍ አወጣ። ትልቅ መንጋጋ፣ ወጣ ያለ ጆሮ፣ ስስ ጢም፣ ለሌባ ደግሞ ወፍራምና የተጠጋጋ ቅንድብ ምልክት ሆኑ። በአርስቶትል ስም ያለው መጽሐፍ የገጠመ ቅንድብን የጨፍጋጋ ሰው ምልክት ብሎታል፤ በፋርስና በዐረብ ግጥም ደግሞ የውበት ምልክት ነው። ያው ቅንድብ ነው። የሎምብሮዞ ጉድለት እስር ቤት ገብቶ እስረኞችን መለካቱ ነው፤ ውጭ ያለውን ሰው በዚያው ሜትርና በዚያው ጥንቃቄ አልለካም። ያንን የሠራው እንግሊዛዊው የእስር ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ነው። 3,000 ያህል እስረኞችን ከወታደሮችና ከካምብሪጅ ተማሪዎች ጋር አነጻጽሮ በ1913 አሳተመ፦ የወንጀለኛ ፊት የሚባል ነገር የለም፤ እስረኞቹ በቁመትና በክብደት ጥቂት ያንሱ ነበር እንጂ። ፍራንሲስ ጋልተን ደግሞ ቀደም ብሎ በ1870ዎቹ የብዙ ወንጀለኞችን ፎቶ በአንድ መስታወት ላይ ደራርቦ «ንጹሕ የወንጀል ፊት» ሊያወጣ ሞከረ። የወጣለት ከእያንዳንዱ ፎቶ ይልቅ ያማረ፣ ተራ ሰው ነበር።

ይህ የአውሮፓ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ደሴ በሚያዝያ 1936 በጣሊያን ጦር ከተያዘች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ የወጣውን የፋሺስቶች የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት አንዱ ሊድዮ ቺፕሪያኒ ነው፤ የአፍሪካውያንን ፊት በጀሶ እየቀረጸ የሚሰበስብ የፍሎረንስ ሰው። በሩዋንዳም የቤልጅግ ቅኝ ገዥዎች የአፍንጫና የቁመት ልኬት እየጠቀሱ «ሐማዊ» ያሉትን ቱትሲ ከሌላው ለዩ፣ በ1930ዎቹም ልዩነቱን በመታወቂያ ወረቀት ላይ አሳተሙት። እኛም አፍንጫ ሰልካካ ሲሆን «ጨዋ»፣ ጎራዳ ሲሆን ሌላ ነገር የምንልበት ልማድ አለን፤ ከየት እንደመጣ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

አሁን ወዳለንበት ዘመን። ሁለት ነገር በጥናት ተረጋግጧል፣ አሠልጣኞች የሚናገሩት አንዱን ብቻ ነው። በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰው አንድን ፊት ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ አይቶ «ይታመናል»፣ «አይታመንም» ይላል። ተጨማሪ ጊዜ ቢሰጠው ፍርዱ ብዙም አይቀየርም፤ የሚጨምረው መተማመኑ ነው። ሰዎች በፍርዳቸው እርስ በርስ ይስማማሉም። እዚህ ድረስ አሠልጣኙ ልክ ነው። መስማማት ግን እውነት መሆን አይደለም። በ2005 ሰዎች የማያውቋቸውን የአሜሪካ የሴኔት ተወዳዳሪዎች ፎቶ ብቻ አይተው «ችሎታ ያለው ይመስላል» ያሉት ከ10 ውድድር በ7ቱ ገደማ ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። ይህ የሚያሳየው መራጩ ፊት አይቶ እንደሚመርጥ ነው፣ ያሸነፈው ሰው ችሎታ እንዳለው አይደለም። በ2008 ሰፊ ፊት ያላቸው ሆኪ ተጫዋቾች ይበልጥ ይቀጣሉ የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር፤ በ2017 በ137,163 ሰዎች ላይ የፊት ስፋትን ሰዎቹ ስለ ጠባያቸው ከሰጡት መልስ ጋር ያመሳከረ ጥናት ግንኙነት አላገኘም።

«ኮምፒውተር ይለየዋል» ካሉዎትም፣ በ2016 ቻይና ውስጥ 1,856 ፎቶዎች ተወስደው ማሽን ወንጀለኛን ከሌላው በ90 በመቶ ገደማ ትክክል ለየ ተባለ። ተቺዎች ፎቶዎቹን ተመለከቱ። የወንጀለኞቹ ከፖሊስ የመጡ ነበሩ፣ የሌሎቹ ከኢንተርኔት፤ የኋለኞቹ ብዙዎቹ ነጭ ኮሌታ ያደረጉና ፈገግ ያሉ ነበሩ። ማሽኑ የለየው የፎቶውን ምንጭ ነው ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2025 ጀምሮ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰውን ስሜት በማሽን መገመትን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ጉዳይ በቀር፣ ከልክሏል።

ስለ ቴሌግራሙ ፎቶ አንድ ነገር ይወቁ። በ30 ሳንቲሜትር ርቀት፣ ማለትም ክንድ አጠፍ ተደርጎ የተነሣ የራስ ፎቶ አፍንጫን ከ1.5 ሜትር ከተነሣው 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ በስሌት ተረጋግጧል። ግንባርና አፍንጫ ይቀርባሉ፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊት ይጠብባል። ስለዚህ ዘመድዎ ያነበበው የስልኩን ርቀት ሳይሆን አይቀርም። ይህን ራስዎ በአምስት ደቂቃ ያረጋግጡ፦ የእሱን ፎቶ በ30 ሳንቲሜትር፣ ቀጥሎ ሁለት ሜትር ርቀው አጉልተው ያንሡ፣ የአፍንጫውን ስፋት ለፊቱ ስፋት አካፍለው ሁለቱን ያስተያዩ።

ታዲያ ፊት ምንም አይናገርም? ይናገራል፣ ግን ስለ አሁኑ ሰዓትና ስለ ጤና ነው። ሂፖክራተስ ሊሞት የተቃረበን ሰው ፊት ጽፏል፦ አፍንጫው የሾለ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ጆሮ ግንዱ የገባ፣ ጆሮው የቀዘቀዘ። ትልቁ ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከመፍረድህ በፊት እንቅልፍ አጥቶ እንደሆነ፣ ተቅማጥ ይዞት እንደሆነ፣ ወይም ተርቦ እንደሆነ ጠይቅ ይላል። ገጽ አንባቢዎች ይህን ጥያቄ አልወረሱም። በረመዳን ወይም በሁዳዴ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አመልካች ፊት የጾም ፊት ነው። የፈጠጠ ዓይን በእንቅርት ዕጢ መታወክ ይመጣል፣ ሰው «ዓይነ ደረቅ» ይለዋል። የፓርኪንሰን ሕመም ፊትን ያደርቃል፣ ሰው «ኮራ» ይላል። «ምች መታው» የሚባለው የፊት ነርቭ ሕመም አፍን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ሰው «ፌዘኛ» ይለዋል። ዓይን መስበርም የውሸት ምልክት አይደለም፤ ወሎ ውስጥ በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ታላቁን ትክ ብሎ አያይም። ሰዎች እውነትና ውሸትን በመመልከትና በመስማት ሲለዩ በብዙ ጥናቶች ድምር 54 በመቶ ነው የሚያገኙት፤ ሳንቲም መወርወር 50 ነው።

ዘመድዎ አሁንም ካልተረታ ይፈትኑት። እሱ የማያውቃቸው ስምንት ሰዎች ይፈልጉ። ለእያንዳንዳቸው አሥር መስመር ንባብ ይጻፍ፣ ዕድሜና ጾታ የሚገልጽ ቃል አይግባበት። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱንና የሌሎች ሦስት ሰዎችን ንባብ፣ በድምሩ አራት፣ ያለ ስም ይስጡት፤ የራሱን ይምረጥ። በዕድል ብቻ ከስምንቱ ሁለቱ ይገጥማሉ። አራት ወይም ከዚያ በላይ መግጠም እንኳ ከዘጠኝ ጊዜ አንዱ በዕድል የሚሆን ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ያስደንቃል፣ ያን ጊዜ ይድገሙት። ወረቀቱን የሚያድለው ሰው የትኛው የማን እንደሆነ አይወቅ፣ ያለበለዚያ በዓይኑ ይጠቁማል። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው በርትራም ፎረር በ1948 ለ39 ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ «የአንተ ጠባይ ነው» እያለ ሰጥቶ ተማሪዎቹ ከ5 በአማካይ 4.26 ስለሰጡት ነው። «አንዳንዴ ትጠራጠራለህ፣ ውስጥህ ግን ጠንካራ ነው» የሚለው ለማን አይሆንም?

ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ አለ። ከ100 አመልካች 5ቱ እጃቸው ረጅም ነው እንበልና፣ አንባቢው ከ100 ጊዜ 60ውን ልክ ነው ብለን እንስጠው፤ ብዙ ሰጠነው። ከአምስቱ ሦስቱን ይይዛል። ከ95ቱ ታማኞች ደግሞ 38ቱን ይጥላል። ሣጥንዎ አጠገብ እንዳይደርሱ ካደረጋቸው 41 ሰዎች 38ቱ ንጹሖች ናቸው፣ ሁለት ሌባም ገብቶልዎታል።

ለካሸሩ ቅጥር የምመክረው ይህ ነው። ማመልከቻ ሲቀበሉ ፎቶ አይጠይቁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሥራ ፈተና፣ 20 ደቂቃ፦ 15 ደረሰኝ አዘጋጅተው በሦስቱ ላይ ስሕተት ያስገቡ፣ አንዱ የድምር፣ አንዱ የተደገመ ቁጥር፣ አንዱ ቀኑ የማይገጥም። በትንሽ ሣጥን 5,000 ብር ነው ብለው 4,800 ያስቀምጡ፣ ይቁጠሩት። ጉድለቱን ፈጥኖ የሚናገረውን፣ ሁለቴ ቆጥሮ የሚናገረውን፣ ዝም ብሎ «5,000» የሚጽፈውን በዓይንዎ ያያሉ። ቀጥሎ በሞባይል ባንኪንግ ተልኳል የሚል የክፍያ ምስል ያሳዩትና ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ፤ ምስሉን አይቶ ዕቃ የሚያስረክብ ካሸር ታማኝም ቢሆን ያከስርዎታል። መልሱ ገንዘቡ ሒሳብ ላይ መግባቱን ማየት ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ አምስት ጥያቄ ይበቃል፣ ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል። እርስዎና ሌላ አንድ ሰው ለየብቻ ከ1 እስከ 5 ወዲያው ይስጡ፣ ሳትነጋገሩ። የሁለታችሁ ልዩነት ከ2 በላይ ከሆነ ያን ጥያቄ ብቻ ተነጋገሩበት። «ዓይነ ውሃው ደስ አለኝ» የሚለው ስሜት ይመጣል፤ በሌላ ወረቀት ይጻፉትና ነጥቡ ከተደመረ በኋላ ይክፈቱት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ይወድና የቀረውን ጊዜ ለወደደው ሰው ቀላል ጥያቄ ሲፈልግ ያጠፋዋል። የቀድሞ ቀጣሪውን ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ሒሳቡ ሲዘጋ ይገጥም ነበር? መልሰው ይቀጥሩታል? ሁለተኛው ላይ የሚዘገይ መልስ ካለ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ዋስ እንደ ልማዱ ይያዙ።

ከተቀጠረ በኋላ ገንዘብ የሚቀበለውና የዕቃ ቆጠራ የሚይዘው ሰው አንድ አይሁን። ሣጥኑ በየቀኑ በሁለት ሰው ፊርማ ይዘጋ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳያሳውቁ፣ በእኩለ ቀን ይቆጠር። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የዕለት ጉድለትና ትርፉን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። ትንሽ ጉድለት አልፎ አልፎ ከታየ የመልስ አሰጣጥ ስሕተት ነው፤ አንድ ጊዜም ጎድሎ የማያውቅ፣ ሁልጊዜ በሳንቲም የሚገጥም ሣጥን ካለ ከራሱ እየሞላ እንዳይሆን ይመልከቱ። የፊት ፎቶውን ያኔ ለመታወቂያ ካርዱ ያንሡት፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት።